ካርዱ እውነቱን ይናገር፦ ለአዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች በደሴ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ ሸሆችና የአገር ሽማግሌዎች፣ ውድ መምህራን፤

እንኳን ለ2018 የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ። ስብሰባችንን እንደ ወሎ ወግ በምርቃትና በዱዓ ስለከፈታችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ልጆቻችሁን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በአደራ ስትሰጡን ከእኛ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ነው። የግል ትምህርት ቤት ነንና በየወሩ ትከፍላላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ገንዘብ የምታገኙት ከሌላ ነገር ቀንሳችሁ እንደሆነም አውቃለሁ።

ስለ ደንቡ ብዙ አልልም። በሩ ጠዋት 2፡00 ላይ ይዘጋል፤ ተማሪ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሰልፍ ላይ ይገኛል፤ ስልክ ወደ ግቢ አይገባም። ዓርብ የምሳ ሰዓት የሚረዝመው የጁምዓ ሰጋጆች ተረጋግተው እንዲመለሱ ነው፤ በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ደግሞ የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ጾመኛ በሚችለው መጠን እናደርጋለን። ማደሪያ የለንም። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከኩታበር የሚመላለሱ ልጆች አሉ፤ ስንቅ እየተላከላቸው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩም አሉ። የእነዚህኛዎቹን አከራይ ወይም የቅርብ ዘመድ ስልክ የክፍል ኃላፊው መምህር መያዝ ስላለበት ዛሬ ሳታስመዘግቡ እንዳትሄዱ።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ እርሱም ውጤት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ሳለሁ፣ በሴሚስተር መጨረሻ 38 ያመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ወላጁ ከተከፋ ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይወስደዋል ተባልሁና በዚያው በያዝሁት እስክሪብቶ 60 ብዬ ጻፍሁ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ አደረግሁ፤ ሌሎች መምህራንም አደረጉ። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ያየ ሰሞን አባቱ፣ እህል ነጋዴ ናቸው፣ የአራቱን ዓመት ካርድ በፌስታል ጠቅልለው መጡና አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩት። እርሳቸው ማንበብ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን በየዓመቱ «አልፏል» ስንላቸው እንደኖርን ነገሩኝ። ከዚያም «ታዲያ መምህር፣ ውሸቱ የትኛው ነው?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ፤ ዛሬ እዚህ ፊታችሁ የቆምሁትም በእርሱ ምክንያት ነው።

የአገራችንን ሁኔታ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ 900 ሺህ ገደማ ከሚሆኑት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈው ዓመት ከፍ ብሎ 8.4 በመቶ ደርሷል፤ ይህም ቢሆን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ግማሹን አላገኘም ማለት ነው። ከእነዚህ ልጆች እጅግ የሚበዙት ግን በየትምህርት ቤታቸው ካርድ ላይ ከክፍል ወደ ክፍል «ተዛውሯል» እየተባለ የተጻፈላቸው ናቸው።

ያላወቀውን አላወቀም ማለት ለወሎ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የታላላቅ አባቶች መማሪያ ነበር፤ በእስልምና ትምህርት ማዕከላቱ በዳናና በሾንኬም ደረሳ፣ ማለትም የሃይማኖቱ ተማሪ፣ ከሩቅ አገር እየመጣ ሲቀራ ኖሯል። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው በመምህሩ ወይም በሸሁ ፊት ቁጭ ብሎ የያዘውን ያሰማል፤ ካላወቀው ነገም እዚያው ላይ ይቆያል እንጂ ወላጁ እንዳይቀየም ተብሎ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። እኛ የምንከተለው ይህንኑ የቆየ መንገድ ነው።

ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ 5ኛ ክፍል ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደው የከረሙ፣ ሲመለሱም ወንበርና መጽሐፍ የሌለበት ክፍል የጠበቃቸው ናቸው። ክፍልፋይ ወይም የእንግሊዝኛ ንባብ የሚማሩበት ወቅት ያመለጠው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ በመሐል የጎደለበት ነገር አለ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሒሳብና በእንግሊዝኛ ንባብ እንፈትናቸዋለን። ይህ ፈተና ካርድ ላይ አይገባም። የልጃችሁን የፈተና ወረቀት ራሱን በጥቅምት መጀመሪያ እጃችሁ ላይ እናደርሳለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። 8ኛ ክፍል 90 ሲያመጣ የነበረ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር 55 ሊያመጣ ይችላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ በባዮሎጂ ፈተና ላይ ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ባዶ ትታው ወጣች። መምህሯ ጠርታ በአማርኛ ስትጠይቃት፣ በመስኮቱ ጥግ በቆርቆሮ የበቀለውን ባቄላ እያሳየች ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ውኃውና ስለ አየሩ አንድም ሳታስቀር አስረዳች። ዕውቀቱ ነበራት፤ የጥያቄውን ቋንቋ ግን አላነበበችውም። ነጥቡን አልሰጠናትም። በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ የንባብ ሰዓት አስገባናት እንጂ፤ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ መልሱን ራሷ በእንግሊዝኛ ጻፈችው።

ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ብዬ ቃል አልገባም፤ ይህን ቃል የሚገባላችሁ ትምህርት ቤት ካለም ተጠንቀቁ። ቃል የምገባው ሌላ ነው። የማጠቃለያ ፈተናው ከመድረሱ ከወራት በፊት ልጃችሁ የት እንደቆመ ታውቃላችሁ። የትምህርት ቤቱ የማሳለፍ ቁጥር እንዲያምር ብለን ደካማውን ተማሪ 11ኛ ክፍል ላይ «ሌላ ቦታ ፈልግ» ብለን አናሰናብትም፤ ይህ በየቦታው እየተለመደ የመጣ ክፉ ሥራ ነው፣ እዚህ አይደረግም። የወርኃዊ ክፍያ ለውጥም ቢኖር በወላጆች ጉባኤ ሳንወያይበት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

የቀን ትምህርት ቤት በመሆናችን ግን ልጁ ከእኛ ጋር የሚውለው የቀኑን ሲሶ ያህል ነው። ለእናቶች፣ በተለይም ሴት ልጅ ላላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃው፣ ምጣዱና ሱቁ ይጠብቃታል፤ ማታ ደግሞ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አፍልታ፣ ሲኒውን አጥባ ደብተሯን ስትከፍት እንቅልፍ ቀድሟት ይመጣል። ወንድሟ በዚያው ሰዓት አጥንቶ ጨርሷል። ሥራ አትሥራ አላልሁም፤ ከእርሱ ጋር ተካፍላው ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ማንም ሳይጠራት ትቀመጥ። አባቶችም፣ ስትጠሩ ብቻ ሳይሆን ሳትጠሩም ኑ። ማንበብ የማትችሉ ወላጆች መምህሩን ካርዱን አንብብልኝ በሉት፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምን ማለት እንደሆነ ጭምር ያስረዳችሁ፤ ይህ የሥራው አካል ነው።

የክፍል ኃላፊ መምህራኑ አሁን በየክፍላቸው በር ላይ ቆመው እየጠበቋችሁ ነው። የልጃችሁን ስም ተናግራችሁ ግቡ፤ የሚያስቸግረውንም፣ የሚወደውንም፣ በቤት የደረሰ ችግር ካለም ሳትሸሽጉ ንገሯቸው። እኔም እስከ 6፡30 ቢሮዬ ነኝ፤ በሩ ክፍት ነው።