ለማንም አይጠቅምም የተባለው ሞገድ

እንደምን ዋላችሁ! ውድ የሳይንስ ክበብ አባላት፣ መምህራንና ወላጆች፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ ነበረው። አንቴናው አልበቃ ሲለው ሽቦ ቀጥሎበት ጣሪያ ላይ ይሰቅለዋል። ማታ ጣቢያው ጥርት ይላል፤ ቀን ድምጥማጡ ይጠፋል። «ለምን?» ስለው «ዝም በል፣ ዜና ነው» ይለኛል።

መልሱን ካወቅሁ ቆየሁ። እኔን የገረመኝ ግን የአጭር ሞገድን መንገድ የከፈቱት ሰዎች ማንነት ነው። የሬዲዮ አማተሮች ናቸው፤ ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው የሚሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ ሕግ እነዚህን ሰዎች ርዝመቱ ከ200 ሜትር በታች ወደሆነው አጭር ሞገድ ገፋቸው። ሩቅ የሚሄደው ረጅም ሞገድ ነው ተብሎ ይታመን ነበራ! ሥጋውን ወስደው አጥንቱን ጣሉላቸው።

እነሱ ግን አጥንቱን ያዙት። በዲሴምበር 1921 ፖል ጎድሊ የሚባል አሜሪካዊ መቀበያውን ይዞ ስኮትላንድ፣ አርድሮሳን ወረደ። ባሕር ዳር ድንኳን ተከለ፤ ረጅም ሽቦ ዘረጋ። ዝናቡ፣ ንፋሱ፣ ብርዱ አይጣል ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሌሊቱን ቁጭ። ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከኮኔቲከት፣ ስድስት ጓደኛሞች ያቆሙት ጣቢያ በሞርስ፣ በነጥብና በሰረዝ ምልክት፣ ይጠራዋል። ሰማው! ከስድስቱ አንዱ ኤድዊን አርምስትሮንግ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ የምትሰሙትን ኤፍ ኤም ኋላ የፈለሰፈው እሱ ነው።

ያ መስማት ብቻ ነበር። በ1923 ፈረንሳዊው ሊዮን ዴሎይ ከኒስ ሆኖ ከአሜሪካ ጋር በሬዲዮ መልእክት ተለዋወጠ።

በኦክቶበር 18፣ 1924 የሆነው ግን ለእናንተ ይመቻል። ሴሲል ጎይደር ለንደን፣ ሚል ሂል ትምህርት ቤት ይማራል። ዕድሜው 18 ነው። ኒውዚላንድ፣ በቤተሰቡ የበግ እርባታ ካለው ከፍራንክ ቤል ጋር በሬዲዮ ተገናኘ። ከ18 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ! ተማሪና በግ አርቢ! የፍራንክ እህት ብሬንዳም ኋላ ጣቢያውን ተረክባ በ1927 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተገናኘች።

አባቴን የጠየቅሁትስ? ከላያችን በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር አለ። አጭር ሞገድ እዚያ ነጥሮ ሩቅ ያርፋል። ቀን ፀሐይ የምታነቃው የታችኛው ክፍል ብዙውን ሞገድ ይውጠዋል። ሲመሽ ይለቀዋል።

ይኸው ሬዲዮው፤ ከቤት ይዤው መጥቻለሁ። ፀሐይዋም እየገባች ነው። አሁን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሽቦውን የሚይዝልኝ ማን ነው?