ቦዩን ከክረምት በፊት፦ የመንገድ ዳር ቆሻሻን ማጽዳትና መከላከል

[ምስል፦ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው መንገድ፣ ጠዋት። ካሜራው ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ይጠጋል።]

ተራኪ፦

ይህ ቦይ የተቆፈረው ለጎርፍ ነው። አሁን ግን ግማሹ ፌስታል ነው። ሃይላንድ አለ፣ ዳይፐር አለ፣ የጫት ገራባ አለ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መሄጃ ያጣና አስፋልቱ ላይ ይወጣል። አስፋልቱን ይቦረቡራል። ከመንገዱ ዝቅ ብለው የተሠሩ ቤቶች ውስጥም ይገባል።

ውሃው ጠርጎት የሄደውስ የት ይደርሳል? አቃቂ ወንዝ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸዋል፣ ቀጥሎ የቆቃ ግድብ ይመጣል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ስለዚህ እዚህ የወረወርነው ፌስታል ከአገር አይወጣም። አንዱ ገበሬ ማሳ ላይ ያርፋል። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣም ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛው ገበያ ነው።

[ምስል፦ ከብቶች መንገድ ዳር ሲግጡ።]

ከተማው ዳር ላይ ከብትም አለ። የሽንኩርት ልጣጭና የተረፈ እንጀራ በፌስታል ቋጥረን ስንጥል ላሟ ቋጠሮውን አትፈታም፤ ከነፌስታሉ ትውጠዋለች። ፌስታል አይፈጭም። ጨጓራዋ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መኖ የሚገባበትን ቦታ ይይዛል። ላሟ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ከባሰም ትሞታለች። የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በዚህ ይናጋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ክምር እንዴት እንደሚጀምር እንይ። አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ባልታጠረ ቦታ ጫፍ ላይ ሲኖትራክ የግንባታ ፍርስራሽ ደፍቶ ይሄዳል። ጠዋት አንድ ሰው ቆሻሻ የሞላበት ማዳበሪያ ያስጠጋበታል። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ «እዚያ ነው የሚጣለው» ማለት ይጀምራል። የበዓል ማግስት ደግሞ የበግ ቆዳ ይጨመርበታል፤ የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የሚገዛ የለማ።

እዚህ ላይ ነዋሪውን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት በቀናቸው ካልመጡ፣ ወይም መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጋሪ ካላስገባ፣ ማዳበሪያው ግቢ ውስጥ ይሸታል። ሰው የሚያወጣበት ያጣል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማኅበሩ በዚህ ሰፈር የሚመጣው ስንት ቀን ነው፣ እስከ የት ይገባል የሚለው ነው። ጋሪው የማይደርስበት ከሆነ፣ የሚደርስበት ጥግ ላይ ቀንና ሰዓት ቆርጦ ማዳበሪያውን በእጅ ማስረከብ ይቻላል። ማታ አውጥቶ መተው ግን ለውሻና ለጅብ መዘርገፍ ነው።

[ምስል፦ ወጣቶች በአካፋ ቦይ ሲጠርጉ።]

ወደ ጽዳቱ እንምጣ። ጊዜው ግንቦት ነው፣ ዋናው ዝናብ ሳይጀምር። ከታችኛው ጫፍ፣ ውሃው ከሚወጣበት፣ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ የቆመው ውሃ ወደ እናንተው ይመጣል፣ ቆሻሻውም ታች ሄዶ ቱቦውን ይደፍነዋል።

አሁን የምለውን ደግሞ በደንብ ስሙኝ፤ ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። ደለሉና ፌስታሉ ከቦይ ይወጣል፣ እዚያው ጠርዙ ላይ ይከመራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዝናብ ሁሉንም መልሶ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ያ ሁሉ ጉልበት ባከነ ማለት ነው። መኪና ሳይገኝ ጽዳት አትጥሩ። ደለሉ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ሳይመሽ ግን ይጫን።

መርፌና የተሰበረ ጠርሙስ ስለሚኖር በባዶ እጅ አይነካም። ወፍራም ጓንት፣ ቦቲ፣ አካፋ ያስፈልጋል። መኪና የሚበርበት መንገድ ከሆነ አንጸባራቂ ሰደሪያ ልበሱ፣ ፊታችሁን ወደሚመጣው መኪና አዙሩ፣ አንድ ሰው ባንዲራ ይዞ ይጠብቅ። ልጆችን እዚያ አታሰልፉ። ማቃጠልም አይሆንም። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፣ የሚተነፍሰውም ያው ሰፈሩ ነው።

የተሰበሰበው ወዴት ይሂድ? ሃይላንዱን ለይታችሁ ለቆራሌ ስጡ፤ ገበያ አለው። የቀረው ተጭኖ የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ሰፈር መሆኑን አንርሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በፊት ሰንዳፋ ላይ የተሠራው ማስወገጃም ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ በገበሬዎቹ ተቃውሞ ቆሟል። ስለዚህ ከቤት የሚወጣው ራሱ መቀነስ አለበት። የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። ከተማ ዳር ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጓሮ አለው። ልጣጩን፣ ቅጠሉን፣ ገራባውን ጉድጓድ ውስጥ አፈር እያለበሳችሁ አብስሉት፤ ለጎመን ማዳበሪያ ይሆናል።

ፌስታልን በተመለከተ ሕግ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ጠንከር ያለ አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው።

[ምስል፦ የተጠረገው ቦታ፣ ችግኝ ሲተከልበት።]

ክምሩ ከተነሳ በኋላ ቦታው ባዶ ከቀረ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል። በዚያው ቀን እጠሩት፣ ትከሉበት፣ ከተቻለ መብራት ይግባበት። ገንዳ ከማስቀመጣችሁ በፊት ማን እንደሚያነሳው ይታወቅ፤ የማይነሳ ገንዳ ራሱ ክምር ይሆናል። አጠገቡ የሚውሉትን ሰዎች፣ በቆሎ የምትጠብሰዋን፣ ሊስትሮውን፣ ባለሱቁን አነጋግሩ። «እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ስለሚውሉ ዓይንዎን ይጣሉብን» ብትሏቸው ደስ ብሏቸው ይጠብቃሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ቦታውን እዩ። አዲስ ማዳበሪያ ካገኛችሁ በዚያው ዕለት አንሱት፣ ሁለተኛው እንዳይጨመርበት። ማታ የሚደፋ መኪና ካያችሁ የታርጋ ቁጥሩንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለአካባቢያችሁ ደንብ ማስከበር አሳውቁ።