የቤተሰባችሁ ፋይል የትኛው ክላውድ ላይ ይቀመጥ?

(ስክሪን ላይ፦ «ስቶሬጅ ሞልቷል» የሚል የስልክ ማስጠንቀቂያ)

ይህች ማስጠንቀቂያ የምትመጣው ሁልጊዜ በማይመች ሰዓት ነው። ቪዲዮ ልትቀርጹ ስልካችሁን ስታወጡ፣ ቦታ የለም ትላችኋለች። ያኔ ብዙ ሰው ተጣድፎ አንዱን አፕ ይጭናል፣ «ባክአፕ» (የመጠባበቂያ ቅጂ) የሚለውን ይነካል፣ እፎይ ብሎ ይረሳዋል። በዚህ ጥድፊያ የተመረጠው ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምንደርስበት የኩባንያ ማከማቻ ላይ ነው እንግዲህ የቤተሰቡ ነገር ሁሉ የሚጠራቀመው። የልጆች ፎቶ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ዲፕሎማ፣ የቤት ውል፣ የሕክምና ውጤት።

ዛሬ ረጋ ብለን እንምረጥ። ሰው ብዙ ጊዜ «ስንት ጂቢ በነፃ ይሰጣል?» ብሎ ይጀምራል። በኔ እምነት መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ፋይል በስህተት ቢጠፋ እንዴት ነው የምመልሰው? እስከ ስንት ቀን ድረስ? ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የነፃውን ነገር ቶሎ እንለፈው። ጎግል 15 ጂቢ ይሰጣል። የአፕሉ አይክላውድና የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ እያንዳንዳቸው 5 ጂቢ፣ ድሮፕቦክስ 2፣ ሜጋ 20። የጎግሉ 15 ሰፊ ይመስላል፤ ግን ድራይቭ፣ ጎግል ፎቶስና ጂሜይል የሚካፈሉት ነው። ቦታው በቪዲዮ ከሞላ ኢሜይል መግባት ሊያቆም ይችላል። አንድ ትልቅ መልስ በኢሜይል እየጠበቃችሁ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለማንኛውም የቤተሰብ ፋይል በነፃ ቦታ ብዙ አይቆይም። ውሎ አድሮ መክፈላችሁ እንደማይቀር አስባችሁ ምረጡ።

(ስክሪን ላይ፦ የጎግል ፎቶስ አፕ፣ ብዙ ፎቶዎች ምልክት ተደርጎባቸው)

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ይህን በደንብ ተመልከቱት።

ስልኩ የሞላበት ሰው ጎግል ፎቶስን ከፈተ እንበል። ፎቶዎቹ በሙሉ ክላውድ ላይ ወጥተዋል። «እዛ ካሉማ ከስልኬ ላጥፋቸው» ይላል። እዚያው አፕ ውስጥ ያለፈውን ዓመት ፎቶ በሙሉ ይመርጥና የቆሻሻ ቅርጫቷን ይነካል። ስልኩ ቀለል አለ። ግን ፎቶዎቹ የጠፉት ከስልኩ ብቻ አይደለም። ከክላውዱም፣ በዚያው አካውንት ከተከፈተው ታብሌትም ጠፍተዋል። ባክአፕ የተደረጉ ፎቶዎች ቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ይቆያሉ። በ60 ቀን ውስጥ ካልነቃ አለቀ።

አይፎን ላይም ያው ነው። አይክላውድ ፎቶስ ከበራ፣ ከስልኩ ላይ ያጠፋችሁት ከሁሉም ቦታ ይጠፋል። እዚያ ያለው ጊዜ ደግሞ ያጥራል፣ 30 ቀን ገደማ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እነዚህ አገልግሎቶች በዋናነት የሚሠሩት ሲንክ ነው። ሥራቸው ሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ነገር እንዲታይ ማድረግ ነው። ስትጨምሩ ሁሉም ጋ ይጨምራል፤ ስታጠፉም ሁሉም ጋ ይጠፋል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባና ፎልደሩ ሲንክ የሚደረግ ከሆነ፣ የተበላሸው ፋይል ወደ ክላውዱም ይሄዳል።

ታዲያ የስልክ ቦታ እንዴት ይለቀቅ? ጎግል ፎቶስ ውስጥ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚል አለ። እሱ ባክአፕ የተደረገውን ከስልኩ ብቻ ነው የሚያነሳው። አይፎን ላይ «ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ» የሚለውን ማብራት ነው። ዋናው ፎቶ አይክላውድ ላይ ይቆያል፣ ስልኩ ላይ ትንሹ ይቀራል። ስልክ የምትጋሩ ቤተሰቦች ይህን ልዩነት ለልጆችም ለወላጆችም አሳዩ። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ቦታ ላስለቅቅ ከሚል ቅን ሐሳብ ነው።

ስለዚህ አገልግሎት ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። የተደመሰሰ ፋይል ስንት ቀን ይቆያል? የተለወጠ ፋይል የድሮ ቅጂው ይመለሳል ወይ? ድሮፕቦክስ በነፃ አካውንት ላይ እንኳ እስከ 30 ቀን ወደኋላ ይመልሳል። ማይክሮሶፍት 365 የሚከፍል ሰው ሙሉ ዋንድራይቩን ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ወደነበረበት ቀን መመለስ ይችላል። ቫይረስ ለገባበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህም ሆኖ ክላውድ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የክላውድ አገልግሎት የሚሰጠው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር (የደንበኞች ፋይል የሚቀመጥባቸው ኮምፒውተሮች ያሉበት ሕንፃ) ተቃጠለ። ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች ዳታቸውን በዚያው አጡ። የትልቅ ኩባንያ አገልግሎትም ቢሆን ይዘጋል። አማዞን ድራይቭ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ተዘግቷል፤ ሰዉ ፋይሉን እንዲያወጣ ግን አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ በየጥቂት ወሩ ገልብጡበት፣ ከዚያ ነቅላችሁ አስቀምጡት። ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረሱ ሲመጣ አብሮ ይያዛል።

(ስክሪን ላይ፦ አይፎን፣ አንድሮይድ ስልክና ላፕቶፕ ጎን ለጎን)

የቱን ልምረጥ ለሚለው፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች እዩ። ሁሉም አይፎን ከያዘ አይክላውድን መሸሽ ራስን ማድከም ነው። ግማሹ አንድሮይድ፣ ግማሹ አይፎን ከሆነ ጎግል ይቀላል። ቤት ውስጥ ዎርድና ኤክሴል የሚጠቀም ተማሪ ወይም ሠራተኛ ካለ የማይክሮሶፍቱን የቤተሰብ ፓኬጅ እዩት።

የቤተሰብ ፓኬጆቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጎግል ዋን እና አይክላውድ ፕላስ አንዱን ቦታ እስከ 6 ሰው ያካፍላሉ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርጽ ከዋለ የሌላውን ይበላበታል። ማይክሮሶፍት 365 ፋሚሊ ግን እስከ 6 ለሚደርስ ሰው ለየራሱ 1 ቴራባይት (1,000 ጂቢ ገደማ) ይሰጣል። በቦታ መጣላት ለማይፈልግ ቤት እኔ ይህን እመርጣለሁ። ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር አለ፦ ቦታ ከተጋራን ፋይሌን ያዩብኛል ወይ? አያዩም። የሚጋሩት ቦታውን ነው። ፋይሉ የሚታየው እናንተ ራሳችሁ ሼር ካደረጋችሁት ብቻ ነው።

ስለ ምስጢር ካነሳን፣ በተለመደው አሠራር ፋይሉ ተመስጥሮ ይቀመጣል፣ ቁልፉ ግን ኩባንያው ጋ ነው። ሜጋና ፕሮቶን ድራይቭ ቁልፉን ለባለቤቱ ብቻ ይተዋሉ። አፕልም እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ «አድቫንስድ ዳታ ፕሮቴክሽን» የሚል አማራጭ አምጥቷል፤ ግን ራሳችሁ ካላበራችሁት አይሠራም፣ በሁሉም አገርም አይገኝም። ጥሩ ነገር ነው፣ ዋጋም አለው። የይለፍ ቃሉም የመመለሻ ቁልፉም ከጠፉ ኩባንያው ሊከፍትላችሁ አይችልም። ፓስወርድ ቶሎ ለሚረሳ ሰው የቤተሰቡን ፎቶ በሙሉ እዚያ ባያደርግ ይሻላል። ለፓስፖርትና ለባንክ ሰነድ ግን ተስማሚ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ስልክ ቢጠፋ የሚያስገባችሁን የመጠባበቂያ ኮድም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ኮዱን እዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም።

ሌላው፣ ሰው ሳይዘጋጅበት የሚያገኘው የጊዜው ነገር ነው። 100 ጂቢ ፎቶ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ ኢንተርኔት ለመጫን ምንም ሳይቋረጥ 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ «በዋይፋይ ብቻ» የሚለውን ምረጡና ማታ ማታ ይሥራ። በሁለት ሰዓት አልጨረሰም ብላችሁ አትተዉት።

የዓመት ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሙከራ አድርጉ። አንድ ፎልደር ፎቶ ጫኑ፣ ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር መልሳችሁ አውርዱት። ፎቶው የተነሳበት ቀን አለ? መጠኑ እንደነበረ ነው? ጎግል ፎቶስ ላይ «ስቶሬጅ ሴቨር» የሚለው ከተመረጠ ከ16 ሜጋፒክስል በላይ የሆነ ፎቶ ይቀነሳል፤ «ኦሪጅናል» የሚለው ግን እንዳለ ያስቀምጣል። ከጎግል ሁሉንም ነገር በአንዴ ለማውጣት ጎግል ቴክአውት አለ። መውጫው የሚያስቸግር አገልግሎት ከሆነ ገና ፋይሉ ጥቂት ሳለ ልቀቁት።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ሰው ማንሳት ስለማይወድ ነው የሚዘለለው። የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ በአንድ ሰው አካውንት ውስጥ ነው። ያ ሰው ቢታመም ወይም ቢሞት ማን ይከፍተዋል? ጎግል 2 ዓመት ያልተነካ አካውንትን ከነፋይሉ ሊሰርዝ ይችላል። «ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር» በሚለው ውስጥ ግን ፋይሉ ለማን እንደሚደርስ መወሰን ይቻላል። አፕል ላይ «ሌጋሲ ኮንታክት» ይባላል። ሴቲንጉን ክፈቱ፣ የምታምኑትን ሰው አስገቡ፣ እንዳስገባችሁትም ንገሩት። አፕል ላይ የሚሰጠውን ቁልፍ ደግሞ ለዚያው ሰው ላኩለት፤ ያለሱ ማመልከት አይችልም።