የሙቀት ጌጁ ቀይ ሲገባ፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ደጀን በላዳ

ለ፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን የአሮጌ መኪና የሙቀት ጌጅ ሲሳሳት ጥፋቱ የጌጁ፣ የሴንሰሩ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ዕቃ) ወይስ የሽቦው መሆኑን እንዴት መለየት እንደሚቻል ነው። ጋሼ፣ ከሴንሰሩ ይጀምሩልን?

ሀ፦ እህቴ፣ ከሴንሰሩ በፊት ከአባቴ ላዳ ልጀምር፤ ስለዚህ ጌጅ ያወቅሁትን ያስተማረችኝ እሷ ናትና። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ይነዱ ነበር። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳች፣ ሶቪየቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ በተባለችው ከተማ ያመረቷት መኪና ናት። አንድ የፋሲካ ሰሞን ቤተሰቡን ይዘን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ፣ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን በሰላም ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት እንደ ጀመርን የጌጁ ቀስት ቀዩ ውስጥ ገባ።

ለ፦ በዚያ በረሃ ሙቀት መቼም ማንም ሰው ሞተሩ ፈላ ብሎ ነው የሚያስበው።

ሀ፦ አባቴም እንዲሁ አስበው ወዲያው አቆሙ፤ ትክክልም አደረጉ። ቦኔቱን ሲከፍቱ ግን እንፋሎት የለም፤ የራዲያተሩ ጎማ ሲነካም አልተወጠረም። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ሲከፍቱት ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። እንደገና አስነስተን ጥቂት እንደ ሄድን ቀስቱ በአንድ ጊዜ ዘሎ ቀይ ገባ። እንዲህ እያልን አምስት ጊዜ ቆመናል፤ እናቴ ለመንገድ የያዘችውን ውሃ ሁሉ ለራዲያተሩ አስቀምጣው ስለነበር እኛ ልጆች የጠጣነው ደጀን ስንደርስ ነው።

ለ፦ ይህ «በአንድ ጊዜ ዘለለ» ያሉት ነገር ምልክት ነው እንዴ?

ሀ፦ ትልቅ ምልክት ነው! በላዳ ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ ወደ 10 ሊትር ይጠጋል። ይህን ያህል ውሃ በአንድ ሰከንድ ሊፈላ አይችልም። ሞተር በእውነት ሲሞቅ ቀስቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በአንድ ጊዜ ከዘለለ ግን አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ኤሌክትሪኩ ነው። ደጀን ላይ ያገኘነው ባለሙያ መጀመሪያ ያደረገው ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ላይ የሴንሰሩን ሽቦ መንቀል ነበር። ሽቦው ተነቅሎም ቁልፉ ሲዞር ቀስቱ ቀዩ ላይ ቀረ።

ለ፦ ያ ደግሞ ምን ያስረዳል?

ሀ፦ ኤሌክትሪኩ ከቁልፉ ተነሥቶ በጌጁ፣ ከዚያም በሽቦው በኩል ወደ ሴንሰሩ ይመጣና በሴንሰሩ አካል አልፎ በሞተሩ ብረት ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ ያገኛል። ሴንሰሩ በሞቀ ቁጥር የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ስለሚበዛ ቀስቱ ይወጣል። ስለዚህ ሽቦው ሲነቀል ቀስቱ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ፣ ብዙ ጊዜ ሽቦው መንገድ ላይ ብረት ነክቷል ማለት ነው። የእኛም ሽቦ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ልባሱ ተበልቶ ነበር፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትንቀጠቀጥ ብረቱን ይነካል። ባለሙያው በናስትሮ ጠቅልሎ ሰጠን፣ አለቀ።

ለ፦ የወንድሜ ላዳ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀስቱ ከታች ተነሥቶ አያውቅም። አዲስ ሴንሰር ሊገዛ ነው።

ሀ፦ ከመግዛቱ በፊት የሴንሰሩን ሽቦ ነቅሎ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ ሽቦውን ለአፍታ ብቻ ከሞተሩ ብረት ጋር ያነካካው። ቀስቱ እስከ ቀዩ ከወጣ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ካልወጣ ግን አዲሱ ሴንሰርም አይጠቅመውም። የነዳጁ ጌጅም አብሮ ከሞተ መጀመሪያ ፊውዙን ይመልከት። ሴንሰሩን ሲቀይርም የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፕ ወፍራም አድርጎ አይጠቅልል፤ ማሳ የሚያገኘው በዚያው ጥርስ ነውና። ቴርሞስታቱስ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ፣ አለ?

ለ፦ ከዓመታት በፊት መካኒኩ አውጥቶታል። ሞተሩ እንዳይፈላ ነው ብሎት ነበር።

ሀ፦ እንግዲያውስ ጌጁ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል! ውሃው ሁልጊዜ በራዲያተሩ እያለፈ ስለሚቀዘቅዝ ሞተሩ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል።

ለ፦ ጋሼ፣ በዚህስ አልስማማም። ወንድሜ ወደ አፋር የሚመላለስ ሰው ነው፤ እዚያ ተጣብቆ የሚዘጋ ቴርሞስታት ሞተር ያቃጥላል።

ሀ፦ ተጣብቆ ከቀረ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ያረጀው በአዲስ ይቀየራል እንጂ ወጥቶ አይቀርም።

ለ፦ ለአፋር መንገድ እኔ አሁንም ቢወጣ እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ላይ ግን እርስዎ ልክ ነዎት።

ሀ፦ ለዛሬ ይህን ያህል ከተስማማን መልካም ነው። ሴንሰሩን በእርግጥ ከተጠራጠረው ደግሞ ፈትቶ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውሃ ውስጥ ያስገባውና እያሞቀ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደውን መጠን በኦም ሜትር ይለካው፤ ሲሞቅ ቁጥሩ ይቀንሳል። የላዳ ሴንሰር በ50 ዲግሪ ከ585 እስከ 820 ኦም፣ በ90 ዲግሪ ደግሞ ከ155 እስከ 196 ኦም ማሳየት አለበት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ የ90ውን ልክ ሊፈላ ሲል ማንበብ አለበት። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙንም አብሮ ይፈትሽ፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ የራዲያተሩም ውሃ እንደ ድስቱ ውሃ ነው የሚፈላው፣ ቀስቱም ገና ቀዩ ሳይደርስ።

ለ፦ ቅዳሜ አብሬው ሆኜ ሽቦውን ከብረቱ ጋር አነካክተን እናያለን፤ ሴንሰሩን የምንገዛው ከዚያ በኋላ ነው።