ማህተሙ ያለ ቦታው ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «በሶፍትዌር ሥራ ነፃነትና ቁጥጥርን ማጣጣም» ይላል። ለዚህ ርዕስ ከአዳማ የሚቀርብ ከተማ የለም። ብዙዎቻችን የፍላጎት ሰነድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝረውን ጽሑፍ፣ ያጸደቅነው እዚሁ ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ ነው። በፈጣን መንገዱ እንመጣለን፣ አበል እንፈርማለን፣ ሰነዱ ገጽ በገጽ ይነበባል፣ በመጨረሻም ማህተም ያርፍበታል።

ስሙን ለማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሥርዓት ስንሠራ የሆነውን ልንገራችሁ። ለማጽደቂያው የመጡት የክፍል ኃላፊዎች ናቸው። ፋይል ስታወጣና ስትመልስ የምትውለውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማንም አልጠራትም። ፕሮግራሙን ይዘን ስንሄድ የመጀመሪያውን ገጽ አየችና «አንድ ባለጉዳይ ሁለት ፋይል ካለው ሁለተኛውን የት ልጻፈው?» አለችን። እውነቷን ነው፤ ገጹ ለአንድ ሰው የሚቀበለው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ማስተካከያው የሁለት ቀን ሥራ ነው። የተሰጠን መልስ ግን «ሰነዱ ጸድቋል፣ ለማሻሻል ኮሚቴው ይሰብሰብ» የሚል ሆነ። ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ወራት አለፉ። እሷም ሥራ አይቆምምና ሁለተኛውን ቁጥር በስም ሳጥኑ ውስጥ ከአያት ስም ቀጥላ መጻፍ ጀመረች። በስም ፈልጎ ማግኘት ቀረ።

እዚያው መሥሪያ ቤት፣ ዓርብ ወደ ማታ፣ አንድ ኃላፊ ስልክ ደወሉ፤ «ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ቀይርልኝ»። ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ልጅ አገልግሎት ላይ ባለው ሰርቨር፣ ማለትም ፕሮግራሙ በሚሠራበት ዋና ኮምፒውተር፣ በቀጥታ ቀየረ። ኮዱን ያየለት ሌላ ሰው የለም፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አልተወሰደም። ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ በር ላይ ተሰልፎ ሥርዓቱ አልነሳም አለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ማን ይመስላችኋል? ልጁ! ለኮሚቴው ደብዳቤ አልተጻፈም፣ ስልኩን ለደወሉትም አልተጻፈም!

ሊላላ የሚገባውን አጥብቀናል፣ ሊጠብቅ የሚገባውን አላልተናል። የመጣሁት ይህን ልናገር ነው።

«እኛ አጃይል ነን»፣ ማለትም በትንሽ በትንሹ እየሠራን ቶሎ ቶሎ እናስረክባለን፣ እያላችሁ ዓርብ ማታ ሰርቨር የምትነካኩ ወገኖቼም ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩታ ውስጥ ስኖበርድ ላይ 17 ሰዎች ያወጡት የአጃይል መግለጫ ከብዙ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌርን አስቀደመ እንጂ ፍተሻ ይቅር አላለም። አክሲዮን የሚያገበያየው የአሜሪካው ድርጅት የናይት ካፒታል አዲስ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ሲጫን ስምንተኛው ተረሳ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ተከፍቶ የተረሳው ሰርቨር የተሳሳተ የግብይት ትዕዛዝ ሲልክ በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ተቆጣጣሪው አካል በኋላ እንዳረጋገጠው ጭነቱን ያየ ሁለተኛ ባለሙያ አልነበረም፤ እንዲያይ የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብም አልነበረም። የጎደለው የአንድ ሰው ዓይን ነው!



ከምሳ በኋላ በሶፍትዌር ሥራ ናሙና ውሉ ላይ ስትወያዩ ሁለት አንቀጽ ይግባልኝ። አንደኛው፦ ፕሮግራሙን በእጁ የሚሠራበት ሰው በየሁለት ሳምንቱ ይየው፣ የጠየቀው ማስተካከያም ያለ ኮሚቴ ይሠራለት። ሁለተኛው፦ አገልግሎት ላይ ያለ ሰርቨር ሌላ ባለሙያ ለውጡን ሳያየውና ወደ ቀድሞው መመለሻው ሳይዘጋጅ በማንም ስልክ አይነካ፤ የደወሉት ሚኒስትር ቢሆኑም።

አመሰግናለሁ።