ክረምቱ ሳይገባብን

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አደራችሁ! እሑድ ጠዋት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጋራ መኖሪያ ሕንፃችን ኮሚቴ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ተከራዮችም በብዛት መጥታችኋል፤ ደስ ብሎኛል። ደረጃውን የሚወጣና ውኃውን የሚጠቀም ሁሉ ነዋሪ ነው።

ግንቦት እያለቀ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሰኔ ከገባ ዝናቡ እስከ መስከረም ፋታ አይሰጥም። ዛሬ የጠራናችሁም ለዚሁ ነው።

ከፍሳሹ ልጀምር። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት የምድር ቤቷ እናታችን በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል። «ልጄ፣ ና እይልኝ» አሉኝ። ስገባ ፍሳሹ ከመታጠቢያ ቤታቸው ገንፍሎ ሳሎን ደርሷል። መሶባቸውን አልጋ ላይ አውጥተውታል። የቧንቧ ሠራተኛው ረጅሙን ሽቦ አስገብቶ ሲጎትት መጀመሪያ የወጣው ዳይፐር ነው። ቀጥሎ የወለል መወልወያ ጨርቅ። ከዚያ እንደ ሻማ የጠጠረ ነጭ ነገር እየተቆራረጠ ወጣ፤ የረጋ ዘይት ነው። እኚህ እናት ቤት ሕፃን የለም። ዳይፐሩ ከላይ ነው የመጣው። ከእኛ።

ምድር ቤቱም 4ኛ ፎቁም የሚጠቀሙት አንድ ቱቦ ነው። ላይ የተጣለው ሁሉ የሚታገተው ታች ነው። ስለዚህ አደራ፦ የጥብስ ዘይት በሳህን ማጠቢያው አይደፋ። የሚረጋው ዘይት ሲሞቅ ውኃ ይመስላል፤ ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግን ይጠጥራል። በአሮጌ ጠርሙስ አጠራቅማችሁ ከቆሻሻ ጋር አውጡት። የቡሆ ዕቃ ከመታጠቡ በፊት ይጠረግ። ዳይፐርና ሞዴስ በላስቲክ ታስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይሰጥ።

ሴፕቲክ ታንኩም እስኪገነፍል አንጠብቅ። ዝናቡ መሬቱን ካጠገበው በኋላ ፍሳሹ መስረጊያ ያጣል። መጣጭ መኪናው ደግሞ ጭቃ ላይ ከተቀረቀረ አይወጣም። ከሰኔ በፊት ማስመጠጥ አለብን፤ የወር መዋጮ ያልከፈላችሁም ለዚህ ብላችሁ ክፈሉ። ደረሰኙን ደረጃው ሥር እንለጥፋለን፤ ሁሉም ያየዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጣና አንድ ነገር ልበል። ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ግን ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሕንፃችን እዚያ ቢቆም ጣሪያው ከውኃው እኩል ይሆን ነበር። ከግቢያችን የሚገነፍለው ፍሳሽ በቦዩ አድርጎ ወይ ወደ ሐይቁ ወይ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። እምቦጭ የሚፋፋውም እንዲህ ባለ ፍሳሽ ነው። እምቦጩን ለመንቀል ጀልባ ላይ የወጣችሁ ወጣቶች እዚህ አላችሁ። በአንድ እጅ እየነቀልን በሌላው እጅ ማዳበሪያ መጨመር የለብንም።

ወደ መብራት ልለፍ። ቅዳሜ ከሰዓት ለምን እንደሚጠፋብን ታውቃላችሁ? አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። አሥር ቤት አንድ ላይ ሲጋግር ዋናው መስመር አይችልም፤ ብሬከሩ ይወርዳል። ባለፈው ጊዜ ገመዱ እስከመቃጠል ደርሷል። እንጀራ አትጋግሩ አንልም። ግን እንከፋፈለው፦ ምድር ቤትና 1ኛ ፎቅ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት። ምጣድ የሰካ ሰው ምድጃና የውኃ ማሞቂያ ይንቀል። ሐዘን ወይም ድንገተኛ እንግዳ የመጣበት ሰው ለጎረቤቱ ይንገር፣ ይጋግር፤ ማንም አይከለክለውም።

የውኃ ነገር። ፈረቃው ስላስቸገረን ሁላችንም ሮቶ እየገዛን ነው። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን 1,000 ሊትር ውኃ 1 ቶን ይመዝናል። በረንዳው ይህን እንዲሸከም አልተሠራም። በረንዳ ላይ ሮቶ ያስቀመጣችሁ ሁለት ቤቶች፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት አውርዱት፤ ጎረምሶቹ ያግዛሉ። ከሥር ልጆች ይጫወታሉ፤ እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ነው የማየው።

ሮቶም ጀሪካንም ክዳን ይኑረው። ትንኝ እንቁላል ጥላ እስክትበር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ በየበረንዳው ያለው የአበባ ሳህን፣ አሮጌ ጎማና የተሰበረ ባልዲ ይደፋ። የእኛ ከተማ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። አጎበሩን አሁን እጠቡና ስፉት። ለመጋረጃ ያዋላችሁትም አልጋው ላይ መልሱት።

የጋራ ማዕድ ቤቱ ቁልፍ ተመልሷል። ለረጅም ጊዜ እንደ መጋዘን ተይዞ ነበር፤ አሁን ባዶ ነው፣ ታጥቧል። የበግ እርድም ሆነ የድግስ ሥራ እዚያ ይሁን እንጂ ደረጃ ላይ አይሁን። ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ አለ፤ ስም አስመዝግባችሁ ውሰዱ። ድንኳን የምትተክሉም መኪና ማለፊያውን ተዉልን፤ ምጥ የያዛት ወይም የታመመ ሰው ቢኖር አምቡላንስ በዚያ ነው የሚገባው።

ግድግዳ ማፍረስ የፈለገ አስቀድሞ ይንገረን። መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ አይነሳ። ቤቱ የግል ነው፤ ምሰሶው፣ ጣሪያውና ደረጃው ግን የሁላችን ነው። በሀገራችን የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የግሉንና የጋራውን ለይቶ አስቀምጧል።

የመጪው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦዩን እንጠርጋለን። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ። ቡናውን 2ኛ ፎቅ ያሉ እናቶች እናፈላለን ብለዋል።

አሁን አስተያየት እንቀበላለን። መጀመሪያ ዕድሉን የምሰጠው ለምድር ቤቷ እናታችን ነው። እትዬ፣ አይነሡ፤ ማይኩን እኔ አመጣልዎታለሁ።