ሁለተኛ ላይ ቆይ

እንደምን ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤታችን በር እያስበየደ ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ስለ ማርሽ ላወራ ነው። ማርሽ መቼ ይቀየራል? የመንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስላል። እኔ ግን አስራ ምናምን ዓመት ስነዳ ኖሬ ነው እንዳልገባኝ ያወቅኩት። ያወቅኩበት ቦታ ደግሞ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ከተሳቢ ጎን ነው። አይመከርም።

መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው። ላዳ ታክሲ ነበረው፤ ሰማያዊና ነጭ፣ ባለ አራት ማርሽ። የላዳ ሹፌር የሚነዳው በጆሮው ነው። ሞተሩ ትንሽ ጮህ ካለ "ቀይር!" ይለኛል። ከዘገየሁ እጄን ከነካምቢዮው ይዞ ራሱ ይቀይረዋል። "ቤንዚኑን የምትቀዳው አንተ አይደለህማ!" ስለዚህ እኔ ዘንድ ሞተር ጮኸ ማለት ሹፌሩ አጠፋ ማለት ሆኖ ቀረ። ላዳዋ ከተሸጠች ስንት ጊዜዋ፤ ጆሮዬ ግን የአባቴ ጆሮ ነው።

ወደ ዓባይ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያሪስ አለችኝ፤ 1.5 ሊትር፣ ማንዋል። አራት ሰው ከነሻንጣው ጭኛለሁ፤ አባቴ ከጎኔ፣ እናቴ ከኋላ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ይዘናል። ከፊቴ ሁለት ተሳቢዎች ተከታትለው ይሄዳሉ። ባዶ ስለሆኑ እንደ ሌሎቹ አይንፏቀቁም፤ 40 አካባቢ ናቸው። ቀጥ ያለ መንገድ መጣ፤ ከፊት ማንም የለም። በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁ፤ ነዳጁን ረገጥኩት። መኪናዋ እሺ አለች። የመጀመሪያውን አለፍኩት። 60 ስገባ አርፒኤሙ፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፣ አራት ሺህን አልፎ ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ጆሮዬ "ቀይር!" አለኝ። ሦስተኛ አስገባሁ።

መኪናዋ ትንፋሿ ቆመ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጬዋለሁ፤ የፍጥነት መቁጠሪያው ግን ንቅንቅ የለም። የሁለተኛው ተሳቢ የኋላ ጎማ ከመስኮቴ ትይዩ እየተሽከረከረ ነው። ማለፉ አላልቅ አለኝ። ያኔ ኩርባው ላይ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ብቅ አለ። ፍሬን ይዤ፣ በሁለቱ ተሳቢዎች መሃል ባለችው ክፍተት ገባሁ። የኋለኛው ሹፌር ክላክሱን አልለቀቀውም። አልፈርድበትም። እናቴ ውዳሴ ማርያም ጀመረች፤ ደጀን እስክንገባ አላቆመችም።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሞተሩ ምን ሆነ? ጋራዥ ወሰድኩት፤ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

እስቲ በቁጥር ላሳያችሁ፤ አጭር ነው። የኔ ሞተር ከፍተኛ የመጠምዘዝ ጉልበቱ፣ ቶርክ የሚሉት፣ 141 ኒውተን ሜትር ነው። የሚገኘውም 4,200 ዙር ላይ ነው። ከዛ በላይ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ 6,000 ዙር ላይ ወደ 127 ይወርዳል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር፣ "ቶርኩ ጫፍ ሲደርስ ቀይር፤ ከዛ በኋላ ጩኸት ብቻ ነው" የሚለው ለዚህ ነው። ነገሩ ትክክል ይመስላል።

ግን መኪናን የሚገፋው ጎማው ጋ የሚደርሰው ጉልበት ነው። ጎማው ጋ ከመድረሱ በፊት ማርሹ ያባዛዋል። የኔ ሁለተኛ ማርሽ በ1.9 ያባዛል፤ ሦስተኛው በ1.3። አሁን አስሉት። 4,200 ዙር ላይ በሁለተኛ፦ 141 በ1.9፣ 268 ገደማ። እዛው ላይ ሦስተኛ ሳስገባ ዙሩ ወደ 2,900 ይወርዳል። ጉልበቱን 130 ብንለው፣ በ1.3 ሲባዛ 169። ከሲሶ በላይ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ጣልኩ ማለት ነው።

ባልቀይርስ ኖሮ? 6,000 ዙር ላይ፣ ሞተሩ "ደክሞ" እንኳን፣ 127 በ1.9፣ 241 ነው። እዛ ላይ ብቀይር ሦስተኛው የሚሰጠኝ 183 ብቻ ነው። የደከመው ሁለተኛ ጉልበተኛውን ሦስተኛ ይበልጠዋል! ስለዚህ ለፍጥነት ከሆነ የሚቀየረው ቶርኩ ጫፍ ሲደርስ አይደለም። የሚቀጥለው ማርሽ ጎማው ላይ የሚያደርሰው ጉልበት፣ ያላችሁበት ማርሽ ከሚሰጠው ሲበልጥ ነው። እንደ ኔ ባለ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ይሄ የሚሆነው ቀዩ መስመር አጠገብ ነው። የኔዋ ሁለተኛ ማርሽ ላይ 90 ገደማ ድረስ ትሄዳለች። እኔ ግን በ60 ቀይሬ ጨረስኩት።

ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። ይሄ ነው በጣም የገረመኝ። ዳገት ድርሻውን አስቀድሞ ነው የሚወስደው፤ እንደ ቤት ኪራይ በሉት። የመኪናው ክብደት፣ የሰው፣ የሻንጣው፣ ሁሉ ቀድሞ ይቆረጣል። ለመፍጠን የሚቀረው ከዛ የተረፈው ነው። ደሞዝህ በሲሶ ቢቀነስ ኪራይህ አይቀነስም አይደል? የሚቀነሰው የምትበላበት ነው። በሦስተኛ ማርሽ ኪራዩን ከፍዬ ባዶ ኪስ ቀረሁ።

ሌላም አለ። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስትረግጡ ሞተሩ መኪናውን አይገፋም። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይጠፋል። እየቀደማችሁ መሃል ላይ ማርሽ መቀየር፣ እየሮጡ ጫማ እንደማሰር ነው።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "ከፍታው ነዋ!" አለኝ። ከፍታው እውነት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም አቅሙን በዚያው ልክ ያጣል። ግን መቀየሪያውን ቦታ አያዛውረውም። ጉልበቱ በሁለተኛም በሦስተኛም እኩል ስለሚቀንስ፣ የትኛው ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያው ነው። መኪናው ይደክማል እንጂ ስሌቱ አይለወጥም።

ናፍታ ሌላ ነው። የናፍታ ጉልበት ታች ነው ያለው። የድሮው ባለ 3 ሊትር ሃይሉክስ ወይም ሃይስ አቅሙን 4,000 ዙር አካባቢ ይጨርሳል። ከዛ በላይ ብታስጮኹት ጭሱን ለእግረኛ ማደል ነው። የዶልፊን ሹፌር ቶሎ ቶሎ ሲቀይር ካያችሁት ልክ ነው።

ደግሞ እኔን ሰምታችሁ ጠዋት ሞተር አስነስታችሁ ወዲያው እንዳታስጮኹት። ዘይቱ ይሙቅ። አዳዲሶቹ ሞተሮች ዙሩ ሲያልፍ ነዳጅ ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ወደ ላይ ስትቀይሩ ብዙ አያሰጋም። የሚያሰጋው ስትቀንሱ ነው። በፍጥነት እየሄዳችሁ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ብላችሁ በስህተት አንደኛ ብታስገቡ፣ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ነው። ያኔ ነዳጅ መቁረጥ አያድነውም። ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ዋጋውን ስትሰሙ ትቀመጣላችሁ።

ይሄ ሁሉ ወሬ ዕድሜው አጭር መሆኑን አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው፤ ጉልበቱ ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ነው። የወንድሜን ልጅ በቀደም "ፍሪሲዮን" ስለው "ምንድነው?" አለኝ። ተናደድኩ፤ ለምን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ባለፈው ዓመት በጣርማ በር በኩል ሽቅብ ስንወጣ አባቴ ከጎኔ ነበር። ከፊት አንድ ተሳቢ። መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ከፊት የሚመጣ የለም። በሁለተኛ ወጣሁ። አራት ሺህ። አባቴ አየኝ። አምስት ሺህ። "ቀይር እንጂ!" ዝም አልኩ። እጁን ወደ ካምቢዮው ሰደደ፤ በክርኔ ከለከልኩት። በሕይወቴ እሱን የከለከልኩበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። 5,800። መኪናዋ እየጮኸች ተሳቢውን አልፋ፣ መስመሯን ይዛ፣ ከዛ ሦስተኛ አስገባሁ። ከፊታችን አሁንም ማንም አልነበረም።

አባቴ አልተናገረኝም። ደብረ ብርሃን ገብተን ቡና ይዘን ተቀመጥን። ስኒውን አስቀመጠና "ቅድም ተሳቢውን ስታልፍ" አለኝ።

"እ?"

"ስንት ሊትር በላ?"